ለብ ያለው ሰታቴ

ሳስካችዋን
ሴፕቴምበር 8 ቀን 1986

ውድ እኅቴ ሜልቪና፣

ከዚህ ሜዳ ተነሥቶ አንቺ እስካለሽበት የባሕር ጠርዝ የሚደርስ ሰላምታ ይድረስሽ። ደብዳቤሽን ካገኘሁ ሰንብቻለሁ። መከር ላይ ስለነበርን ነው፤ ስንዴ ቆይ ቢሉት አይቆይም። ይቅር በይኝ።

ጥያቄዎችሽን በተራ ልመልስ። ልጅሽ ቨርና ደህና ናት። ትበላለች፣ ትስቃለች፣ ባሏን ኦረስትንም ታስቀዋለች። ልጄ አባቱ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ወጥ ቤት ተመችቷታል ወይ ላልሽው፣ በነዳጅ ቆፋሪዎቹ ካምፕ ለዚያ ሁሉ ወንድ ታበስል የነበረች ልጅ እኛ ዘንድ ስትገባ ዝም ብላ ሳህን ማጠቢያው ጋ ቆመች። ደስ አለኝ። እኛ ዘንድ ምራት የመጀመሪያውን ዓመት ሳህን ታጥባለች፣ በሁለተኛው ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ጎመን የምትጠቀልለው ፀጉሯ ሲሸብት ነው እንላለን ለጨዋታ። እኔም ሰታቴውን የተረከብኩት አማቴ ስታርፍ ነው።

ለሰርጋቸው የሰፋሽላቸው ብርድ ልብስ አልጋቸው ላይ አምሮ እንደሆነ ጠይቀሻል። እውነቱን ልንገርሽ፣ አትቀየሚኝ። አልጋ ላይ አይደለም። ሆሉብጺን ታስታውሻለሽ፣ ያ ሰርጉ ላይ የቀመስሽው በጎመን የተጠቀለለ ሩዝና ሥጋ። ለአዳራሹ ድግስ በዋዜማው አብስለን ከነሰታቴው በጋዜጣ፣ ከዚያም በወፍራም ብርድ ልብስ ጠቅልለን እናሳድረዋለን። እናቶቻችን ከባሕር ማዶ ከአሮጌው አገር ይዘውት የመጡት ዘዴ ነው። የወጥ ቤት ጓደኛዬ የስቴፋ ልጅ ስትዳር የኔ ብርድ ልብስ ሳስቶ ስለነበር ያንቺን ከቨርና ተዋስኩ። ሜልቪና፣ እንደዚያ ያለ ሙቀት አይቼ አላውቅም። ከምሽት እስከ ማግስቱ ቀትር። እጄን ስሰድ ሰታቴው እንደ ሕፃን ገላ ይሞቃል። ሴቶቹን እየጠራሁ እጃቸውን አስነካኋቸው። ‹የቨርና እናት የሰፋችው ነው› አልኳቸው። ሰው ማመስገን የማይሆንላት ስቴፋ እንኳ ‹ድሪቶ ቢሆንም ይሞቃል› አለች። ከርሷ አፍ ይህ ብዙ ነው። በነጋታው ሁለት ሦስት ሰው ሆዱን ቆርጦት ነበር፤ የቢራው ነው ተባብለን ሳቅንባቸው።

በኦክቶበር የእመቤታችን የመጎናጸፊያዋ በዓል አለብን። ሰበካው በሙሉ ይበላል። ቨርና የአገሯን ምግብ ላቅርብ ብላ ለምናኛለች። ሮዝ የሆነ የድንች ሰላጣ ነው አለችኝ። እሺ ብያታለሁ፣ ግን ድንች እንዴት ሮዝ ይሆናል? ጻፊልኝ።

ያንቺው
ቴክላ


ኒውፋውንድላንድ
ሴፕቴምበር 25

ውድ ቴክላ፣

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከዓሣው ፋብሪካ ስገባ ነው። እጄ ገና ይሸት ስለነበር ፖስታውን በሹካ ከፈትኩት።

ስለ ብርድ ልብሱ ምንም አልተቀየምኩም። ትንሽ ተቀይሜያለሁ። የሰፋሁት ከቨርና አባት ሸሚዞች ነው። ሰማያዊው የእሑዱ ነው፤ ባለመስመሩ ጀልባ ላይ የሚለብሰው። ልጄ በሰው አገር ብርድ አባቷን ለብሳ ትተኛ ብዬ ነበር። አሁን ጎመን ለበሰው። ይሁን፤ እሱም ቢሆን ከአልጋው ይልቅ ለድስቱ ይቀርብ ነበር።

ሮዙ ቀላል ነው። የተቀቀለ ድንች፣ የተፈጨ ቀይ ሥር፣ ማዮኔዝ። እኛ ዘንድ ያለ እሱ ድግስ ድግስ አይባልም። ማዮኔዝ ስላለበት ቅዝቃዜ ይወዳል፤ ቨርና ይህን ታውቃለች። ፋብሪካችን ውስጥ አንድ ሽማግሌ አለቃ ነበረን። ከኋላችን እየዞረ ‹ትኩስ ከሆነ ያቃጥል፤ ቀዝቃዛ ከሆነ ጥርስ ያንዘርዝር፤ መካከሉ የሰይጣን ነው› ይለናል። ‹ያንተ አልጋስ የቱ ጋ ነው?› ይሉታል ሴቶቹ። ጆሮው ይቀላል፤ ግን ነገ ተመልሶ ያንኑ ይላል። እኔም ያንኑ እያልኩ ነው ልጄን ያሳደግኳት።

ይህን የምጽፍልሽ ስለ ሰላጣው ነው። ስለ ሌላው አልጠየቅሽኝም።

ኦረስትን ሳሚልኝ።

ሜልቪና


ሳስካችዋን
ኦክቶበር 30

ውድ እኅቴ ሜልቪና፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባሕሩስ? ጉልበትሽስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን።

በመጀመሪያ፣ ቨርና ደህና ናት። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ስልክ ነገርን ስለሚያጋንን ነው። ሰው በስልክ የሚለውን ሁሉ አትመኚ።

በዓሉ አለፈ። ቀኑ ያማረ ነበር፤ ለወቅቱ ሞቃት ነበር፣ ሰዎች ኮታቸውን በእጃቸው ይዘው መጡ። ከዚያ ሌሊቱን አንዳንድ ሰዎች ሆዳቸውን ታመሙ። አንዳንድ ስል፣ ብዙ ናቸው። እኔም ወድቄ ነበር። ሁለት ቀን ነው፣ ያልፋል፣ አለፈልንም።

የባሌ ወንድም ጋሽ ፓናስ አረፈ። ሽማግሌ ነበር፣ ልቡም ደካማ ነበር። ባሌ ከሞተ ጀምሮ የኔ ማዕድ ላይ ነበር የሚበላው፤ ወንበሩን ገና ከቦታው አላነሣሁትም። የመጨረሻ ጨዋታው ሰላጣው ላይ ነበር። ቨርና ሳህኑ ላይ ልታወጣለት ስትል በመዳፉ ከለከላትና ‹ልጄ፣ የቀይ ሥር ቦታው ሾርባ ውስጥ ነው፤ ይህ የሰርግ ከረሜላ ነው የሚመስለው› አላት። ሁሉም ሳቀ። እሷም ሳቀች። ከዚያ ሆሉብጺ ሁለት ጊዜ አስጨምሮ በላ።

የጤና ጥበቃ ሰውዬ ከከተማ መጥቶ ነበር። ከተረፈው ሁሉ ትንሽ ትንሽ ወስዷል። ገና ምንም አላለም።

ብርድ ልብሱን አጥቤዋለሁ፤ ሽቦው ላይ ተሰጥቶ እንደ ሳንቃ ደርቋል። ምን እንደምጽፍልሽ ስላጣሁ ነው ይህን የጻፍኩት።

ቴክላ


ኒውፋውንድላንድ
ኖቬምበር 12

ውድ ቴክላ፣

ለሐዘንሽ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ጋሽ ፓናስን ሰርጉ ላይ አስታውሰዋለሁ፤ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ሲጨፍሩ የሚያይ ሰው ነበር።

ቨርና ደውላ ነበር። እያለቀሰች ስለነበር ግማሹ አልተሰማኝም። የተሰማኝን ልጻፍልሽ፤ አንቺ ቦታው ላይ ስላለሽ ልክ ነው ወይም ልክ አይደለም ትይኛለሽ።

‹እማዬ፣ ሳህኔን አይነኩትም› አለችኝ።

‹የትኛውን ሳህን?›

‹ማንኛውንም። ቡና ስቀዳላቸው ራሳቸው ሊቀዱ ይነሣሉ። የሰላጣዋ ልጅ ይሉኛል።›

‹ኦረስትስ ምን ይላል?›

‹ያልፋል ይላል።›

‹አማትሽስ?›

እዚህ ላይ ዝም አለች። ቴክላ፣ ልጄን አውቃታለሁ። ዝም የምትለው ሰው እንዳይጎዳ ስትፈልግ ነው።

እኔ ሰላጣው እንዴት እንደቆየ ጠየቅኳት። ጎድጓዳውን ሳህን በበረዶ በተሞላ የልብስ ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ አስቀምጣ፣ በረዶው በቀለጠ ቁጥር ኦረስትን ነዳጅ ማደያው ድረስ እየላከች ታስጨምር ነበር። ሲበሉት ጥርስ ያንዘረዝር ነበር ወይ አልኳት። ‹ሰዎቹ በጣም ቀዘቀዘ ብለው አጉረመረሙ› አለች።

አንቺስ ይህን አይተሻል? እዚያው ነበርሽ። አይቻለሁ ብለሽ ለአንድ ሰው ተናግረሻል?

ሜልቪና


ሳስካችዋን
ኖቬምበር 26

ውድ ሜልቪና፣

ደብዳቤሽ ጠንካራ ነው። እናት ነሽና አልፈርድብሽም።

ገንዳውን አይቻለሁ። በረዶውንም አይቻለሁ። ለማን እንደተናገርኩ ጠይቀሻል። እስቲ ወጥ ቤቱን አስቢው፤ እነዚህ ሴቶች ባሌን አጥበው የገነዙልኝ ሴቶች ናቸው። አፍ የሚከፈተው በተራ ነው።

ያለፈው እሑድ የሆነውን ከቨርና አፍ ከምትሰሚው ከኔ ስሚው። የሞላሰስ ዳቦ ጋግራ ይዛ መጣች። ፎጣውን ገልጣ ጠረጴዛው ላይ አደረገችው።

‹ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?› አለች ስቴፋ።

‹ዳቦ ነው፣ እትዬ ስቴፋ።›

‹ሮዝ አይደለም?›

ሴቶቹ ሳቁ። ቨርናም ልትስቅ ሞከረች።

‹እኔን የሚገርመኝ› አለች ስቴፋ ሽንኩርት መክተፏን ሳታቆም፣ ‹ሁላችን መሬት ላይ ስንንከባለል አንቺን ምንም አለመንካቱ።›

‹ሆሉብጺ አልደረሰኝማ። ሳህን ሳጥብ አለቀ። በዳቦና በሰላጣዬ ነው የዋልኩት።›

‹አየሽ ቴክላ፣ ምራትሽ መልስ አታጣም። ጎመናችንን ልትከስ ነው። እናቴ በዚህ ሰታቴ ስታበስል ኖራለች፣ አማትሽ ኖራለች። ማን ሞተ?›

እኔ ፎጣ እያጠፍኩ ነበር። ፎጣዎቹ ብዙ ነበሩ። ቀና ስል ቨርና እያየችኝ ነው። የምትጠብቀው ነገር ያለ ይመስል ነበር። ከዚያ ዳቦዋን መልሳ ሸፈነችው።

ያልፋል። እዚህ ሁሉም ነገር ከበረዶ ሥር ይገባል፣ በጸደይ ሲወጣ ሌላ መልክ ይዞ ነው።

ቴክላ


ኒውፋውንድላንድ
ዲሴምበር 8

ቴክላ፣

ሰላምታውን ዝለይልኝ።

ዛሬ ሥራ ላይ ቢላዬን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ዓሣው በፊቴ እያለፈ ነው፤ አጠገቤ ያለችው ‹ሜልቪና፣ ተኛሽ?› ትለኛለች። እኔ ሁለት ሰዎች እያሰብኩ ነበር። ሁለቱንም አንቺ ነሽ የጻፍሽልኝ። አንዱ ሮዙን በመዳፉ ከልክሎ ከጎመኑ ደጋግሞ የበላው ነው። አንዷ ጎመኑ ሳይደርሳት በሮዙ ብቻ የዋለችው ናት። አንዱ መቃብር ውስጥ ነው። አንዷ ሆዷን እንኳ አልቆረጣትም።

ይህን ለማየት መማር አያስፈልግም። ስቴፋም አይታዋለች፤ ስላየችው ነው የምትጮኸው።

አሁን የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። በበዓሉ ዋዜማ ሰታቴው በምን ተጠቅልሎ አደረ?

መልሱን አውቀዋለሁ። በሴፕቴምበር ጽፈሽልኛል። እንደ ሕፃን ገላ ብለሽኛል። ያን ጊዜ ሳነበው እጄ ቆሞ ነበር። የበሰለ ሩዝና ሥጋ ሌሊቱን ሙሉ እንደ ገላ እየሞቀ ምን እንደሚሆን ፋብሪካችን ውስጥ መስመር ላይ የቆመች ሁሉ ታውቃለች። ልጽፍልሽ ብዕር አነሣሁ። ከዚያ፣ የልጄ አማት ናት፣ እናቶቿን ከማጉደፍ ይቅር ብዬ፣ ስለ ሰላጣ ጻፍኩልሽ። ጨዋ ልሁን ብዬ። ጨዋነቴም እንደ ሰታቴሽ ነው። አላቃጠለም፣ አላቀዘቀዘም።

ሌሊት የሚነሣብኝ ይህ ነው። ባንቺ ላይ የሚነሣው የቱ እንደሆነ አላውቅም።

ሜልቪና


ሳስካችዋን
ዲሴምበር 19

ውድ ሜልቪና፣

የጤና ጥበቃው ሰውዬ ተመልሶ መጥቶ ነበር። በአዳራሹ ከኔ፣ ከስቴፋና ከቄሱ ጋር ተቀመጠ። ጉንጩ ቀይ የሆነ ልጅ እግር ሰው ነው፤ ኩኪስ አቀረብንለት፣ አልነካም። በቃሉ ነው የነገረን። ስለ ሩዝ ተናገረ፣ ስለ ሥጋ ተናገረ። ቢቀቀልም የማይሞት የበሽታ ዘር አለ አለ። በትኩስ ውስጥ ያንቀላፋል፣ በቀዝቃዛ ውስጥ ያንቀላፋል፣ ለብ ባለው ውስጥ ይነቃና ይራባል አለ። በጥልቅ ዕቃ ታጭቆ፣ ተሸፍኖ ካደረ ምግብ የተሻለ አልጋ የለውም አለ። አልጋ የሚለውን ቃል ራሱ ነው ያመጣው።

‹ቀትር ላይ መልሳችሁ አፍልታችሁታል?› ብሎ ጠየቀን።

‹ሞቆ ነው የቆየው፣ ምን ያስፈላዋል?› አለችው ስቴፋ።

ሰላጣውን ንጹሕ ነው አለ። እንደ ዋዛ፣ በአንድ ቃል፣ ኮቱን ሲለብስ።

እሱ ከሄደ በኋላ ቄሱ ወደኛ ዞሩ። ሞት ያለበት ነገር ነው፣ የፓናስ ልጆች ከኛ ጋር ነው የሚቆርቡት፣ ሕዝቡ እርስ በርሱ እንዳይናከስ በአውደ ምሕረት ባይነገር ይሻላል አሉ። ስቴፋ አዎን አለች። እኔን ተመለከቱኝ።

አንድ ጥሩ ዜና ግን አለኝ። ባለፈው እሑድ ስቴፋ ራሷ፣ በሁሉም ፊት፣ ቨርናን ትከሻዋን ይዛ ‹ልጅ ናት፣ አገራችንን አታውቅም፤ ይቅር ብለናታል› አለች። ሌሎቹም አዎን አሉ፤ አንዳንዶቹ ሳሟት። ሜልቪና፣ እነዚህ ሴቶች በቀላሉ ይቅር የሚሉ አይደሉም። ትልቅ ነገር ነው። ለገና ሰላም የሚሆን መስሎኝ ነበር።

ቨርና በዚያው ቀን ልብሷን መሰብሰብ ጀመረች። ለምን እንደሆነ ልትጠይቂልኝ ትችያለሽ?

ቴክላ


ኒውፋውንድላንድ
ጃንዋሪ 14 ቀን 1987

ይድረስ ለወይዘሮ ቴክላ ባራን፣

ቨርና በሰላም ገብታለች። መርከቡ በማዕበል ዘግይቶ ነበር።

ለምን እንደሄደች ጠይቁልኝ ብለዋል፤ ጠየቅኳት። ‹ሲሰድቡኝ እችለው ነበር› አለች። ‹ይቅር ሲሉኝ ግን የሚሞግቱት ነገር አጣሁ። ቀና ብዬ እማማ ቴክላን አየኋት። ከሁሉም ጋር አዎን አለች።›

ይህን በደብዳቤዎ አልጻፉትም። ሌሎቹ አዎን አሉ ብለው ነበር የጻፉት።

ልጅዎ ኦረስት አውቶቡስ ድረስ ሸኝቷታል። ሻንጣዋን ጭኖ፣ መስኮቱ ሥር ቆሞ ‹እናቴን ምን ልበላት?› አላት። እሷም ‹ምንም አትበላት፣ አንተም ምንም አትበል፤ ለምደኸዋል› አለችው። ልጄን እንዲህ ያለ ምላስ አላስተማርኳትም። እዚያ ነው የተማረችው።

አሁን እርስዎን የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። በአውደ ምሕረት አይነገር፤ ቄሱ ሕዝባቸውን ያውቃሉ። በወጥ ቤቱ ውስጥ፣ ስቴፋ በምትሰማበት፣ እርስዎ በአፍዎ አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገሩ። ‹ሰላጣው አልነበረም፤ ሰታቴው ነበር።› ማን ጠቀለለው፣ በምን ጠቀለለው አይበሉ። የጋሽ ፓናስንም ስም አያንሡ። ያን ቀን ቨርና ትመለሳለች። ራሷ ነግራኛለች። ባሏን ትወደዋለች፣ ምን ላድርግ።

የማይሆን ከሆነ ብርድ ልብሱን ይላኩልኝ። መልስዎን በዚያ አውቃለሁ።

ሜልቪና ራይዳውት


ሳስካችዋን
ማርች 20

ውድ እኅቴ ሜልቪና፣

አሁንም እኅቴ እላለሁ፤ አንቺ ብትተዪውም።

ለመጻፍ ስቀመጥ ስንት ጊዜ ተነሣሁ። አንድ ጊዜ ምድጃው፣ አንድ ጊዜ ውሻው። ውሻው ተኝቶ ነበር።

አዳራሹን አልዘጉብንም። ሁላችን ትምህርት እንድንወስድ አደረጉን። ያው ልጅ እግር ሰውዬ መጣ። እጃችንን እንዴት እንደምንታጠብ አሳየን፤ እኔ በዚህ ዕድሜዬ በጣቶቼ መካከል፣ በጥፍሬ ሥር። ለጥሬ ሥጋ አንድ መክተፊያ፣ ለዳቦ ሌላ መክተፊያ። ሆዱን ያመመው ሰው ወጥ ቤት እንዳይገባ። የበሰለው ሲነሣ በዝርግ ዕቃ ተከፋፍሎ ቶሎ ፍሪጅ እንዲገባ፣ ሲበላ እስኪፈላ እንዲሞቅ። እንደ ስለት ቀጭን ቴርሞሜትር ሰጠን፤ ጎመኑ ውስጥ ተሰክቶ የሚነበብ። ሴቶቹ ወደዱት። ስቴፋ እንደ መስቀል አንገቷ ላይ አንጠልጥላው ትዞራለች።

ብርድ ልብስ ተከልክሏል። ማንም ምክንያቱን አልጠየቀም።

ስቴፋ በራሷ ፈቃድ ሌላም ነገር ጨመረች። ማዮኔዝ ወጥ ቤቱ ውስጥ አይገባም ብላ በትልልቁ ጽፋ በሩ ላይ ለጠፈችው። ሰዎች ሲገቡ ያዩታል። ያዩና ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ፤ ገባቸው ማለት ነው።

ባለፈው ሳምንት ያን ወረቀት ልቀድደው በሩ ጋ ቆሜ ነበር። ቨርናን አሰብኩ። ዓረፍተ ነገርሽን በአፌ ይዤዋለሁ፣ እንደ ትኩስ ድንች። ሴቶቹ ከኋላዬ ሊጥ እየዳመጡ ነው። ‹ቴክላ፣ በሩን ዝጊው፣ ብርድ ገባ› አሉኝ።

ዘጋሁት።

የበዓሉ ዕለት ቀትር ላይ የሰታቴውን ክዳን ስከፍት፣ ሜልቪና፣ እጄን ጎኑ ላይ ሳኖር ተሰምቶኝ ነበር። ምን እንደተሰማኝ

ኦረስት ማታ ማታ የፓናስ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ሾርባ ሳቀርብለት ይበላና ‹ትኩስ ነው?› ብዬ ስጠይቀው ‹ደህና ነው› ይለኛል። እንዲህ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

ሰታቴውን ሌላ ሰው እንዲረከብልኝ ብዬ ነበር፤ አንቺ ሳትሞቺ ምን ሲባል አሉኝ።

ብርድ ልብሱን በፖስታ ልኬዋለሁ። ደጋግሜ አጥቤዋለሁ፤ የሰታቴው አፍ ቅርጽ ያለው እድፍ መሀሉ ላይ አልለቅ አለ። የጎመን መረቅ ነው። በሎሚም ሞከርኩ፣ በፀሐይም።

ይቅርታሽን አልለምንም፤ ምን እንደሚመስል አይቻለሁ።

ቴክላ


ኒውፋውንድላንድ
ኤፕሪል 29

ይድረስ ለወይዘሮ ቴክላ ባራን፣

ብርድ ልብሱ ደርሷል። ስላጠቡት አመሰግናለሁ።

ቨርና ፋብሪካ ገብታለች። ከኔ አጠገብ ነው የቆመችው፣ ነጭ ጎማ ጫማ ተሰጥቷታል። ሴቶቹ ስለ ሮዙ ሰላጣ ሲሰሙ በሳቅ ወደቁ፤ በፋሲካ ግማሹ ፋብሪካ ይዞላት መጣ። እሷ አልሳቀችም፤ ግን በላች።

ኦረስት ሐሙስ ደውሎ ነበር። ‹እናትህ ተናገረች?› አለችው። ከዚያ መልሱን ሰምታ ስልኩን ዘጋች። ‹ምን አለሽ?› አልኳት። ‹ይወደኛል› አለችና እጇን ስልኩ ላይ አሳርፋ ‹ለብ እንዳለ ነው› አለችኝ።

ደብዳቤዎ ውስጥ ያቋረጡትን ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ አነበብኩት። እኔ ልጨርስልዎ እችል ነበር። ግን የእርስዎ ነው።

እድፉ ያረፈው በሰማያዊው ሸሚዝ ቁራጮች ላይ ነው፣ በእሑዱ። ያን ክፍል በመቀስ ቆርጬ አውጥቼዋለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። ምናልባት ወጥ ቤቱ በር ላይ፣ ከወረቀቱ አጠገብ ቦታ ይኖረው እንደሆነ።

ቀዳዳው ላይ ምንም አልጣፍኩበትም። ቨርና ትናንት ማታ ለብሳው ተኝታ ‹እማዬ፣ በመሀሉ ብርድ ይገባል› አለችኝ።

ይግባ አልኳት።

ሜልቪና ራይዳውት